በስውር ለሚያምኑት ስንቅ ስለ ማቀበል

(በማሻ በቤተ ክርስቲያናችን የኀምሳ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር)



በኢዮቤልዩ ቀን ሰው ልማዱ ያለፈውን ሥራ መቁጠር ነው። ሕንፃው መቼ እንደ ተጀመረ፥ ጣራው በስንት ቆርቆሮ እንደ ተከደነ፥ ደወሉን ማን እንደ ሰጠ፥ ስንት ሕፃናት ክርስትና እንደ ተነሡ ይነገራል። ይህም ደግ ነገር ነው፤ በሰበካ ጉባኤው መዝገብም ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን እኔ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ በመዝገብ ያልተጻፈውን አንድ ነገር ላነሣ ወደድሁ። ይኸውም በክፉ ዘመን፥ ሰው ማመኑን መግለጥ በማይችልበት ጊዜ፥ የተሸሸገውንና የታሰረውን ማን መገበው? እኛስ ከመጋቢዎቹ ወገን ነበርን ወይስ በዳር ቆመን ከሚያዩት ወገን? የሚል ጥያቄ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የአብድዩን ታሪክ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ንግሥት ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ባስገደለች ጊዜ አብድዩ መቶውን ነቢያት ወስዶ ኀምሳ ኀምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸጋቸው፤ እንጀራና ውኃም ይመግባቸው ነበረ። በዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባቸዋል። መጀመሪያ፥ አብድዩ በንጉሡ በአክዓብ ቤት የተሾመ አዛዥ ነበረ እንጂ ከመንግሥት የራቀ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ፥ ጊዜው ዝናም የጠፋበት የረኃብ ዘመን ነበረና የሰጠው ከትርፉ አልነበረም። ሦስተኛ፥ ሁሉን በአንድ ዋሻ አላስቀመጣቸውም፤ አንዱ ቢገኝ ሌላው እንዲተርፍ በጥበብ ከፈላቸው። እንግዲህ ፍቅርና ድፍረት ብቻ ሳይሆን ጥበብም ያስፈልጋል ማለት ነው። ኤልያስ ስሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን አብድዩ ባይኖር ኖሮ እነዚያ መቶ ሰዎች ባልተረፉም ነበር።

ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ እየተመላለሰ ይገኛል። እኛ በባሕረ ሐሳባችን ዓመተ ሰማዕታት እያልን የምንቈጥረው ዘመን ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳ አቈጣጠር የሚጀምር ነው። የመከራን ዘመን መነሻ አድርጎ ዕድሜውን የሚቈጥር ሕዝብ፥ መከራ የደረሰበትን ሰው ሊረሳ አይገባውም ነበር። ነገር ግን ሰው ይረሳል፤ ስለዚህም እንነጋገራለን።

ሩቅ ሳንሄድ ከዚህ ከኛው አገር እንጀምር። ማሻ በቀድሞው አከፋፈል የሞቻ አውራጃ ሆና በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ትተዳደር ነበረ፤ የጠቅላይ ግዛቱም ከተማ ጎሬ ነበረች። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ መንግሥታችን ለጥቂት ወራት የተጠጋው ወደ ጎሬ ነበረ። በዚያም በ1921 ዓ.ም. በእስክንድርያ መንበር ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል ተቀምጠው ነበር። ጠላት ጎሬን በያዘ ጊዜ እንዲገዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው በ1929 ዓ.ም. ተገደሉ። ከእርሳቸው ጋራ የተሾሙት አቡነ ጴጥሮስም አስቀድሞ በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞተዋል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ ቆሞ ሁሉ ያየዋል፤ የአቡነ ሚካኤል ደም ግን የፈሰሰው በኛው ደን መካከል፥ በኛው ዝናም ሥር ነው። ልጆቻችን ይህን ያውቁ እንደ ሆነ እጠይቃለሁ።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ የሆነውን መናገር ያሳዝናል። የፋሽስት ሹማምንት ራሳቸው በጻፉት ቴሌግራም 297 መነኮሳትን፥ ከጥቂት ቀን በኋላም 129 ዲያቆናትን እንዳስገደሉ አስታውቀዋል፤ ጉዳዩን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን የሞቱት ከዚህ እጅግ እንደሚበልጡ ይመሰክራሉ። ከዚህ በኋላ ብዙ ካህናት ታቦት ይዘው ወደ ዱርና ወደ ዋሻ ገቡ። እነዚህን በዱር ያሉትን የሚመግብ፥ ጨውና መድኃኒት የሚያደርስ፥ ወሬ የሚያቀብል ሰው በከተማ መኖር ነበረበት፤ እንዲህ ያለውን ሰው አገራችን የውስጥ አርበኛ ብላ ጠራችው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ለዚህ ሥራ አውጥተው፥ ተይዘውም በኢጣልያ አገር በአዚናራ ደሴት እስከ መታሰር ደርሰዋል።

በዚያው ዘመን በወላይታ ሌላ ነገር ሆነ። የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም. አገሩን ለቀው ሲሄዱ የተጠመቁት አማኞች ኀምሳ ያህል ነበሩ። እነ ዋንዳሮ ዳባሮ ተገረፉ፥ ታሰሩም። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል አማኞች አገኙ። ይህን የምናገረው የሃይማኖት ልዩነትን ንቄ አይደለም፤ ልዩነቱ እንዳለ ነው። የምናገረው ሰው በስሙ ሲገረፍ ክርስቶስ እንደሚያውቀው ለማስታወስ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣውን የደርግን ዘመን ከመካከላችን ሽማግሌዎቹ በዐይናቸው ያዩት ነው፤ ይህች ቤተ ክርስቲያንም የተተከለችው በአብዮቱ መጀመሪያ ዘመን ነውና ዕድሜዋ ከመከራው ጋራ የተያያዘ ነው። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ካህናቷን የምታኖርበት ርስት በአንድ ቀን ከእጇ ወጣ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በረኃብ እንዳትበተን ያዳናት አስቀድሞ የታሰበ ነገር ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ ደንብ ሰበካ ጉባኤን አቋቁመው ነበርና ምእመናን ከየቤታቸው በሚያዋጡት ሳንቲም ካህኑ በመቅደሱ ቆየ። እንግዲህ ዛሬ በየወሩ የምትከፍሏት ጥቂት ገንዘብ ከየት እንደ መጣች እወቁ፤ እርስዋ በመከራ ዘመን የተፈተነች ስንቅ ናት።

እኒህ አባት ግን በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም. ያለ መንግሥት ፈቃድ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ ተብለው ከመንበራቸው ወረዱና ታሰሩ። የተሾሙትም ጳጳሳት ታሰሩ፤ ከነዚያ አንዱ ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ሲሆኑ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆይተዋል። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን እርሳቸው በሕይወት ሳሉ በቦታቸው ሌላ መሾሙን አልቀበልም ብላ ነበረ። ይህም እምቢታ እስረኛውን አላስፈታም፤ ነገር ግን ዓለም ሁሉ ዝም ባለበት ጊዜ አንዱ ወገን እንኳ የእስረኛውን ስም ከጸሎቱ አለማውጣቱ ትልቅ ስንቅ ነው።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከጸሎት ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። አስቀድሞ ወደ ውጭ አገር እንዲወጡ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ነበረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ ዐሥር ዓመት ታስረው ተሠቃዩ። የሁለቱም አባቶች ዐፅም የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። እነሆ፥ በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ ያልቆሙትን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሞት አገናኛቸው። የገደላቸው ኃይል በመካከላቸው ያለውን የትምህርት ልዩነት አልጠየቀም፤ ክርስቲያን መሆናቸው በቃው።

በጥር ወር 1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፥ መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመናኗ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰቡ ጀመር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር፤ ከሚያስተምሩትም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት ምእመናን በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ማንም የሚያየው ሕንፃ፥ ማንም የሚሰማው ደወል ሳይኖር ይህ መሆኑ ለኛ ለሕንፃ ኢዮቤልዩ ለምናከብረው ትምህርት ነው።

አሁን ግን አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር ነውና አባቶች ይታገሡኝ። ሌሎች ሲሳደዱ እኛ ሁልጊዜ ከተሳዳጆች ወገን አልነበርንም። ሃይማኖታችን የመንግሥት ሃይማኖት በነበረችበት ጊዜ፥ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በአዲስ አበባ በጸሎት ላይ የነበሩ ከ200 የሚበልጡ የሙሉ ወንጌል ምእመናን ተይዘው ታስረዋል። በዚያን ጊዜ ከኛ ወገን ለእነርሱ ስንቅ የወሰደ ስንት ነው? ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመኑ ተገለበጠና የመከራው ጽዋ ለሁላችን ደረሰ። መንግሥት ዛሬ የጎረቤትህን በር እንዲዘጋ ደስ ብሎህ ብታይ፥ ነገ ያንተን በር የሚዘጋበትን ቍልፍ አንተው አቀብለኸዋል።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለሁም። በ1970ዎቹ ዓመታት፥ እኔ ገና ወጣት ሳለሁ፥ በቤቱ ጸሎት አድርገሃል ተብሎ አንድ ጎረቤታችን ታሰረ። ሰውዬው ከኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ሚስቱ ከትንንሽ ልጆች ጋራ ቀረች፤ ሰውም በመንገድ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገር ጀመረ። እኔም ተሻግሬያለሁ። በወጣቶች ማኅበር ስሜ ይጠራል ብዬ ፈራሁ፤ ቡና ስታፈላ ትጠራን የነበረችውን ሴት እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እንዳላውቅ ሆኜ አለፍኋት።

እናቴ ግን አንድ ዓርብ ማለዳ ቆጮ ጋግራ፥ ጎመን ቀቅላ፥ በአገልግል አስራ ውሰድ አለችኝ። እምቢ አልኋት። ይህ ሰው ከኛ ሃይማኖት አይደለም፤ ደግሞም እንጠየቅበታለን አልኋት። እርስዋም፦ «ልጄ፥ እኔ የምልከው ለክርክር መልስ አይደለም፤ ለራበው ሰው ምሳ ነው» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ራስዋ ሄደች። በእስር ቤቱ በር ጠባቂው እንደ ልማዱ ያመጣሽውን ቅመሺ አላት። ዓርብ ነው፥ ሰዓቱም አልደረሰም፤ እናቴ ደግሞ በዕድሜዋ ሁሉ ጾም የምታጠብቅ ነበረች። ካልቀመሰች ምግቡ አይገባም። ቀመሰች፤ ምግቡም ገባ።

እናቴ ከዚያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ የጾም ሰዓት አፍርሻለሁ ብላ ነገረቻቸው። እኒያ አባት ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። ቀኖና ግን አልሰጧትም። በሚመጣው ዓርብ አገልግሉን ራሳቸው ተሸክመው፥ መስቀላቸውን ይዘው፥ ከእስር ቤቱ በር ቆሙ፤ ቅመሱ ቢሏቸውም በሰው ሁሉ ፊት ቀመሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ያቺን ሴት ሲያይ መሻገሩን ተወ። አንድ ቄስ በአንዲት ጉርሻ የብዙ ሰው ፍርሃት ፈታ። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ፥ በቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ፥ የተሻገርሁት ያ መንገድ ትዝ ይለኛል። ይህን በክብረ በዓል ቀን የምናገረው ራሴን ለማዋረድ ብቻ አይደለም፤ ከናንተ መካከል ነገ ይህ ፈተና የሚደርስበት ወጣት ቢኖር በኔ እንዲማር ነው።

እንግዲህ በስውር የሚያምነውን ወይም የታሰረውን እንዴት እንርዳ ለሚለው ነገር፥ ከታሪክ የተማርነውን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፥ ስንቅ ማቀበል ከንግግር ይቀድማል። በአገራችን እስረኛ የሚኖረው ዘመድ በሚያመጣለት ምግብ ነበረ፤ ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ የፈራበት ሰው ይራባል። ምግቡ ሥጋን ያኖራል፤ ከዚያም በላይ አልተረሳህም የሚል ቃል ይዞ ይገባል።

ሁለተኛ፥ አፍን መጠበቅ ነው። የተሸሸገውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስይዘው ጠላት ሳይሆን የወዳጅ ወሬ ነው። ረዳሁ ብሎ የሚመካ ሰው የረዳውን ያስይዛል። አብድዩ ምስጢሩን ለኤልያስ የገለጠው በጭንቅ ጊዜ ብቻ ነበረ። ዛሬም በሩቅ አገር ሆኖ የስደተኞችን ስምና ፎቶግራፍ ለገንዘብ መሰብሰቢያ የሚያሳይ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ሦስተኛ፥ ቤተ ሰብን መያዝ ነው። ታሳሪውን ከመከራው ይልቅ የሚሰብረው ልጆቹ መራባቸው ነው። የልጅን ደብተርና ልብስ የገዛ ሰው ለአባቱ ጽናት ገዝቶለታል።

አራተኛ፥ ርዳታን በሃይማኖት መለወጥ ዋጋ አለመሸጥ ነው። ወደ ወገናችን ብትመጣ እንረዳሃለን ማለት መርዳት አይደለም፤ በሰው ችግር መነገድ ነው። የናቴ አገልግል ምንም አልጠየቀም።

አምስተኛ፥ ጸንቶ የቆመውን ስናመሰግን ደክሞ የወደቀውን አለመርገም ነው። በዳክዮስ ዘመን በ250 ዓመት ገደማ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ለጣዖት ሠዉ፤ መከራው ባለፈ ጊዜ እነዚህን እንቀበል ወይስ አንቀበል ተብሎ ታላቅ ክርክር ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንም በንስሐ ትቀበላቸው ዘንድ ፈረደች። በደርግም ዘመን ፈርቶ ማተቡን የበጠሰ፥ ማኅበር አስገድዶት የካደ ሰው ነበረ። ከነርሱ ብዙዎቹ ተመልሰው ዛሬ ከኛ ጋራ ይቀድሳሉ። መመለሻው መንገድ ክፍት ባይሆን ኖሮ እኔስ በምን አፌ ቆሜ እናገራችሁ ነበር?

ይህ ነገር ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። በጎረቤታችን በኤርትራ መንግሥት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከፈቀዳቸው ሃይማኖቶች በቀር የሌሎቹን የጸሎት ቤት ዘግቷል፤ ብዙዎችም ያለ ፍርድ ታስረዋል፥ አንዳንዶቹም በብረት ኮንቴይነር ውስጥ እንደ ታጐሩ ከዚያ ያመለጡ መስክረዋል። የኤርትራ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ እንጦንስም መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መግባቱንና የምእመናንን መታሰር ስለ ተቃወሙ ከመንበራቸው ተነሥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ የካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ድረስ፥ በቤታቸው እስረኛ ሆነው ኖሩ። በእስር ያረጁት እኒህ አባት የኛን ቅዳሴ የሚቀድሱ አባት ነበሩ። ስማቸውን በጸሎታችን ስንት ጊዜ አነሣን?

ክቡራን ሆይ፥ በዚህ በኛ አገር እንሰት ይተከላል። ቆጮውን ፍቀን፥ በቅጠል ጠቅልለን፥ ጉድጓድ ቈፍረን እንቀብረዋለን። ላየው እንግዳ ሰው የተቀበረ ነገር የጠፋ ይመስለዋል፤ እኛ ግን እዚያ ውስጥ ሆኖ እንደሚብላላ፥ እህል ባለቀም ጊዜ ቤተ ሰቡን እንደሚያኖር እናውቃለን። ነገር ግን ጉድጓዱን የሚጠብቅ፥ ቅጠሉን የሚለውጥ፥ ዝናም እንዳይገባበት የሚከድን ሰው ያስፈልገዋል። በስውር የሚያምን ሰውም እንዲሁ ነው። የሚያኖረው እግዚአብሔር ነው፤ የሚከድነው ግን ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ ለሰበካ ጉባኤያችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንዱ፥ በየዓርቡ በሚደረገው ጸሎት ስለ ታሰሩና ስለ ተሰደዱ ክርስቲያኖች ሁሉ፥ ከማን ወገን ናቸው ሳይባል፥ እንዲለመንላቸው ነው። ሁለተኛው፥ ለበዓሉ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ተለይቶ ዘመድ ለሌላቸው እስረኞች ስንቅ እንዲሆን፥ አገልግሉንም ካህንና ምእመን በየተራ እንዲያደርሱ ነው። የመጀመሪያውን ተራ ለእኔ ስጡኝ። ኀምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እምቢ ያልሁት አገልግል አለብኝና።

እግዚአብሔር አምላክ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን ይስጣት፤ በሩዋም በሰላም ዘመን እንደ ተከፈተ በመከራ ዘመን እንዳይዘጋ ያድርግልን። ቢዘጋም ከበሩ ውጭ ስንቅ ይዘው የሚቆሙ ልጆች አያሳጣት። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።